ደሴ ገብቶ የደሴ ሰው እንዴት ይኮናል?

ይህን የምጽፈው በዝውውር፣ በጋብቻ ወይም በሥራ ደሴ ለገባ ሰው ነው። መምህር ይሁን፣ የባንክ ሠራተኛ ይሁን፣ ነርስ ይሁን፣ ነገሩ አንድ ነው። ቤት ተከራይቷል። ፍራሽ ገዝቷል። ብርዱ አስደንግጦት ጋቢም ገዝቷል። ዓመት ካለፈ በኋላም ግን «እዚህ አገር ሰው አላውቅም» እያለ በዓል በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይጠብቃል።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ከመዝገቤ አውቃለሁ። አንዳንዱ ሰው ልጅ ወልዶ አሳድጎም የለም። አንዳንዱ በክረምት ገብቶ ለመስቀል ሰፈርተኛ ሆኖ ይገኛል። ጸባይ እንዳትሉኝ። ዓይን አፋር፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ሲሳካለት አይቻለሁ። ተጫዋቹ ደግሞ ከሁሉም ጋር እየሳቀ ባዳ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ከተማው አንድ ነገር እንዲያዛችሁ መፍቀዳችሁ ላይ ነው። የሚፈልጋችሁ ሰው ሲኖር፣ ስትቀሩ «የት ሄዱ?» ሲባል፣ ያኔ ገብታችኋል።

ደሴ ተወልጄ ስላደግሁ ይህ አይታየኝም ነበር። የታየኝ ማሊ ውስጥ፣ ጄኔ የምትባል ከተማ ነው።

ወጣት ሳለሁ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ባማኮ ነበርኩ። ጄኔ የደረስኩት በሥራ ጉዞ ነው። ከተማዋ በባኒ ወንዝ ረግረግ መካከል ናት። ውሃው ሲሞላ ዙሪያዋን ይከባትና ደሴት ትሆናለች። ቤቱ ሁሉ ከጭቃ ጡብ ነው። ከገበያው ፊት ለፊት የቆመው ትልቁ መስጊድም ጭቃ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 ያለቀ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይነገርለታል። ከግድግዳው የዘንባባ እንጨት በየረድፉ ተሰክቶ ወጥቷል። የማማዎቹ ጫፍ ላይ የሰጎን እንቁላል ተቀምጧል። ከከተማዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ደግሞ ጄኔ ጄኖ የሚባለው የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ አለ። እዚያ ሰው መኖር የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ዩኔስኮ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1988 መዝግቧቸዋል።

ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ዝናብ ጭቃን ይበላል። ስለዚህ መስጊዱ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ እንደገና ይመረጋል። እኛ ጭቃችንን በጤፍ ጭድ እንደምናቦካው እነሱ በሩዝ ገለባ ያቦኩታል፤ እስኪብላላም ይተውታል። ጠረኑን አልነግራችሁም። በምርጊቱ ቀን ሰፈር ከሰፈር ይሽቀዳደማል። ወጣቶቹ ጭቃ በቅርጫት ተሸክመው እየሮጡ ያቀብላሉ። ግንበኞቹ በእነዚያ በተሰኩት እንጨቶች ላይ ተንጠላጥለው በእጃቸው ይመርጋሉ። ሽማግሌ ግንበኞች ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ስህተት ይለቅማሉ። ሴቶችና ልጃገረዶች ውሃ ያመላልሳሉ።

እኔ ፎቶ ላነሳ ነበር የወጣሁት። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ባልዲ አስያዘችኝ። «ትችያለሽ ወይ?» አላለችም። መስጊዱ ውስጥ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ውሃ ለማመላለስ ግን ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። እስከ ቀትር ድረስ ክንዴ ዛለ፤ ቀሚሴም በጭቃ ደረቀ። ከዚያ በኋላ የቤቱን የቤተሰብ ስም ሰጡኝ። እዚያ አገር የአንዱ ቤተሰብ ስም ያለው ሰው የሌላውን ቤተሰብ «ባቄላ በሊታ» እያለ መስደብ ወግ ነው፤ ተሰዳቢውም ስቆ ይመልሳል። ስም እንዳገኘሁ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ትሰድበኝ ጀመር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ጄኔ ላይ ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ግንበኛ አለው። የአባቱን ቤት የመረገው ግንበኛ ወይም የእርሱ ልጅ የልጁን ቤት ይመርጋል። እንግዳ ደግሞ ስለ እርሱ የሚናገርለት ባለቤት ሳይኖረው አይዞርም። ጥንታዊነቷ የሚታየው በእነዚህ ማሰሪያዎች ነው። ደሴ ከጄኔ ጋር ስትነጻጸር ሕፃን ናት፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ያወጡላት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው ይባላል። ማሰሪያው ግን እዚህም ያው ነው። አሁን ወደ ሥራችን።

ቤት ስትፈልጉ

ቤት የሚያይ ሰው ሁሉ ስለ ውሃና መብራት ይጠይቃል። ጠይቁ። በርሜል መኖሩንም እዩ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሐምሌና ነሐሴ ቀልድ አይደሉም። ከዚያ እኩል ግን አከራዩ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከተቻለ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ የሚኖርበትን ቤት ያዙ። ለብቻ የተዘጋ ግቢ ምቾት አለው። ነገር ግን ስለ እናንተ የሚናገርላችሁ አይኖርም። እትዬ እንትና ግቢ ከገባችሁ ባለሱቁም፣ ባለወፍጮውም፣ ባጃጅ ነጂውም ወዲያው «የእትዬ እንትና ተከራይ» ይሏችኋል። ስማችሁን አይጠይቁም። አትቀየሙ፤ እሱ በኋላ ይመጣል።

ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ቤት እንደዚያ ነው፣ ከበላያችሁ ያለው ጎረቤት የሚለቀው ውሃ የት እንደሚወርድ እወቁ። ከክረምት በፊት ሰፈሩ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል። አካፋ ባይኖራችሁም ውጡ። ገንዘብ ሰጥቶ ሰው መላክ ይቻላል፤ ግን ባዳ ሆኖ ለመቅረት ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም።

ሰላምታና ቡና

ሰላምታ አታሳጥሩ። የአዲስ አበባ ሰው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እዚህ እንደዚያ ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። «እንዴት አደራችሁ?» ብላችሁ ቁሙ። ልጆቹን ጠይቁ። እናትየዋን ጠይቁ። አንዱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ሌላው «ተመስገን» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ሲምል ብትሰሙ አትገረሙ። አያቱ ሐጂ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኔም የእናቴ እናት ሙስሊም ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይደለም። ነገር ሲከፋባችሁ «አብሽር» ይሏችኋል። እናንተም ቶሎ ልመዱት።

ቡናን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጎረቤት ልጅ በሩን አንኳኩቶ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። አዲስ ገቢ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ሥራ አለብኝ» ይላል። አንዴ ይታለፋል። ሲደጋገም ልጁ መምጣት ያቆማል። ማንም አይቆጣችሁም፤ ዝም ብለው ይተዋችኋል።

ስለዚህ ሂዱ። እጃችሁን ባዶ አታድርጉ፤ የቡና ቁርስ የሚሆን ቆሎ ወይም ዳቦ ይበቃል። አቦል ጠጥታችሁ አትነሡ። ቶናው አለ፤ በረካው አለ። ፍንጃሉ ላይ ጤና አዳም ይገባበታል፤ ካልተስማማችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በመካከሉ አንድ ትልቅ ሰው ይመርቃሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ምርቃቱ ረጅም ነው። ለአገር ይለመናል፣ ለዝናብ ይለመናል፣ ዓረብ አገር ላሉት ልጆች ይለመናል። አንድ ቀን ለእናንተም ይለመናል፤ «ይህንን እንግዳ ልጅ…» ተብሎ። ስልካችሁን ያኔ አታውጡ።

ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። ጀበና የላችሁም? ግዙ። ወንደላጤ ብትሆኑም ግዙ። ማፍላት አልችልም ያለ ወጣት መምህር ሰፈራችን ውስጥ ነበር። ቡናውንና ስኳሩን ገዝቶ እያመጣ ጎረቤቶቹ እሱ ቤት ያፈሉ ነበር። ያለ ሚስት ቡና ጠሪ ሆነ። አሁን ሰርጉን የደገስነው እኛ ነን።

ሁለት ቢላዋ

ድግስ ሲኖራችሁ፣ ለልደትም ሆነ ለክርስትና፣ ሁለት ሥጋ ያስፈልጋል። የሙስሊሙን ሙስሊም ጎረቤት ያርዳል። ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ ቢላዋውም ለየብቻ ነው። ይህን ለጎረቤት መተው ይሻላል፤ እነሱ ያውቁበታል። እናንተ ቀድማችሁ «የሙስሊሙን ማን ይረድልን?» ብላችሁ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህን የጠየቀ እንግዳ ክብሩ ከፍ ይላል። ሳይጠይቅ የደገሰ ሰው ቤት ግማሹ ጎረቤት ለስላሳ ይዞ ተቀምጦ ያመሻል። ጾምንም እወቁ። በሁዳዴ ቅቤ የገባበት ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። በረመዳን ቀን ቡና አትጥሩ፤ ማታ ግን ከማፍጠሪያ በኋላ ብትጠሩ ደስ ይላቸዋል።

ቅሬ

አሁን ወደ እኔ መዝገብ መጣን።

ቅሬ ለመግባት አከራያችሁን ይዛችሁ የቅሬውን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አግኙ። የመግቢያ ትከፍላላችሁ። የቆየ ቅሬ መግቢያው ከፍ ይላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ጆጉ ሁሉ ስንት ዓመት ተዋጥቶ የተገዛ ነው፤ እናንተም ከዚያ ድርሻ እየገዛችሁ ነው። ከዚያ ወርኃዊ አለ። ስብሰባ መቅረት ያስቀጣል። ቀብር መቅረት የበለጠ ያስቀጣል።

ሲመዘግቧችሁ የወላጆቻችሁን ስም ይጠይቋችኋል። ብዙ አዲስ ሰው «እነሱ እዚህ አይደሉም፣ ጎጃም ናቸው» ብሎ ሊያልፈው ይፈልጋል። አትዝለሉት። አባታችሁ ጎጃም ቢያርፉ እዚህ ድንኳን ይተከላል። የእህታችሁን ወይም የወንድማችሁን ስልክ ለጸሐፊው ስጡ። የእኛንም ለእነሱ ስጡ። ይህ ለምን እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ። ሞት ሲመጣ ቤተሰብ እናንተ ዘንድ መደወል የለበትም። ወደ ቅሬው ይደውላል። እኛ ሌሊቱን ተጠራርተን፣ ጎህ ሲቀድ አንድ ላይ መጥተን መርዶውን እንነግራችኋለን። ብቻውን ክፍል ውስጥ በስልክ መርዶ የሰማ ሰው አይቻለሁ። ቅሬ ያልገባ ሰው ነበር። ሰፈሩ የሰማው ጩኸቱን ነው።

አንዲት ነርስ ነበረች፤ ቤተሰቧ ሩቅ ነው። እናቷ ሲሞቱ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እናትየዋን አይቶ አያውቅም። እንጀራው መጣ፣ ወጡ መጣ፣ ቡናው ተፈላ። ሴቶቹ ፍራሽ አንጥፈው አብረዋት አደሩ። ስትመለስ የአገሯን ማር ይዛልን መጣች። ከዚያ ወዲህ «ዝውውር ጠይቄያለሁ» የሚለው ወሬዋ ቀረ።

የእናንተ ድርሻ ይህ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ወይም ሰው ሲጠራ ሟቹን አውቀዋለሁ አላውቀውም አትበሉ። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ቀብሩ አይዘገይም። ስለዚህ «ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» አይሠራም። ለአለቃችሁ ነግራችሁ ውጡ፤ አለቃውም ደሴ የሚኖር ከሆነ ያውቀዋል። ሙስሊም ካልሆናችሁ አስከሬኑን ሸኝታችሁ መቃብሩ ዘንድ ሶላቱ እስኪያልቅ ገለል ብላችሁ ቁሙ። ሙስሊም የሆነ ደግሞ የክርስቲያኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሸኛል። ለሙስሊሙ «አላህ ሶብር ይስጣችሁ»፣ ለክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ። ተሳስታችሁ ብታደባልቁትም ማንም አይቀየምም።

ሰኞ ገበያ

ጄኔም ገበያዋ ሰኞ ነው። ከየመንደሩ በአህያ ጋሪና በጀልባ መስጊዱ ፊት ይሰበሰባል። እኛም ሰኞ ገበያ አለን፤ ጀልባው ብቻ ቀረ። ሱፐርማርኬት ለምዳችሁ ከሆነ ቢያንስ ሽንኩርትና እህላችሁን እዚያ ግዙ። አንድ ሴት ምረጡና ደንበኛ ያዙ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ምራቂውን እስክትጨምር ጠብቁ። በሌላ ሰኞ ከሌላ ሰው ስትገዙ ካየቻችሁ ትቆጣለች። መቆጣቷ መልካም ምልክት ነው።

ከተማውን ሳታውቁ አትቀመጡ

ከተማውን በእግር እወቁት። ከፒያሳ ተነሥታችሁ ሸዋ በር ድረስ ሂዱ፤ ቧንቧ ውሃን፣ ሆጤን፣ ሳላይሽን ለዩ። ጦሳ ተራራን በጠራ ቀን ቀና ብላችሁ እዩት። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍን ጎብኙ። ወይዘሮ ስህን የሚባለው ትምህርት ቤት የማን ስም እንደሆነ እወቁ፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እዚያ የተማረ ሰው ካገኛችሁ ወሬ አያልቅባችሁም።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ይህን ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተው ይተርኩላችኋል፤ ጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የ2014ቱን ጦርነት ግን እናንተ አታንሡት። በዚያ ጊዜ ሙዚየማችን ተዘረፈ። ከቤት ንብረት በላይ የሄደም አለ። ሰዎች ሲፈልጉ ራሳቸው ያነሡታል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቡና ላይ። ያኔ አዳምጡ፤ አስተያየት አትስጡ።

ኮምቦልቻ ለሚሠሩ

ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩ ሰዎች «ደሴ ልኑር ወይስ ኮምቦልቻ?» ትሉኛላችሁ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ሞቅ ይላል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት መውጣት መውረድ ጉም ባለበት ጠዋት አይመከርም። የምትሠሩበት ኑሩ ብዬ እመክራለሁ። ኮምቦልቻም ቅሬ አለ። ደሴ ማደር ኮምቦልቻ መዋል ሁለቱም ጋር ባዳ ያደርጋል፤ ቀብር የሚሆነው በቀን ነውና።

ሲቀልዱባችሁ

የመጣችሁበትን አገር እያነሡ ይቀልዱባችኋል። አነጋገራችሁን ይደግሙታል። ስለ ምግባችሁ ይናገራሉ። ባቄላ በሊታን አስቡና መልሱላቸው። ወሎዬው መልስ ይወዳል። በአክብሮት ብቻ የሚያነጋግሯችሁ ከሆነ ግን ገና እንግዳ ናችሁ ማለት ነው፤ ቡናውን አታቋርጡ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ከዚያ የመጣው ሰውዬ» መባላችሁ ጨርሶ ላይቀር ይችላል። ልጆቻችሁ ግን ከመጀመሪያው ቀን የደሴ ልጆች ናቸው። ይህን ማንም አይከራከርም።

ዝውውር ሲመጣ

አንድ ቀን ደብዳቤ ይደርሳችሁና ትሄዳላችሁ። ዕቃ ጭኖ በሌሊት መውጣት ነውር ነው። ዙሩና ተሰናበቱ፤ ደንበኛችሁን ሽንኩርት ሻጯንም ጨምሩ። ቅሬውን አትዝጉት። ጸሐፊው ዘንድ ሂዱና ወርኃዊውን የሚከፍልላችሁን ሰው ስም አስጽፉ። ጂዳና ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን የሚያደርጉት እንደዚህ ነው፤ ወንድም ወይም እህት ይከፍልላቸዋል፣ መዝገቡ ላይ ስማቸው አለ፣ እናት ስትሞት ድንኳኑ ይተከላል። የሚከፍልላችሁ ሰው በየወሩ ደረሰኝ ይቀበል። ጠፋ ቢባል ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ።